ለጦርነት የሚቀርብ ምክንያትና የስልክ ስለላ፦ ተራ ሰው ምርመራውን ከየት ይጀምራል?

ጦሳ ግርጌ

ጀመዓ፣ ሰላም ናችሁ? በየቴሌግራም ቡድኑ «ቀድመው የተኮሱት እነሱ ናቸው» የሚል ፎቶ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ ከዚያ ደግሞ «ስልካችሁ ተጠልፏል» የሚል ማስጠንቀቂያ በአንድ ቀን ይወርዳል። ሰዉ ወይ ሁሉንም ያምናል፣ ወይ ሁሉንም ይጥላል። ሁለቱም ለዋሾ ይመቹታል። እዚህ መድረክ ላይ ማኅደር የሚያገላብጡም፣ ካርታ የሚያነቡም፣ ኮምፒውተር የሚፈትሹም ስላላችሁ የምታውቁትን ዘርዝሩልን። የምንፈልገው አሠራሩን ነው።

እኔ በኦጋዴኗ ወልወል ልጀምር፤ ዳፋው ደሴ ድረስ የመጣ ነውና። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር ተጋጨ። ሮም «ተደፈርኩ» ብላ ይቅርታ፣ ለባንዲራዋ ሰላምታና 200,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ካሳ ጠየቀች። ልክ በዓመቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኖቿ ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ።

ያኔ የሚጠይቅ ሰው ምን ማየት ይችል ነበር? መጀመሪያ ውሉን። በ1900 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተፈረመው የወሰን ስምምነት ሲለካ ወልወል ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሦስተኛ ወገን ምስክር አለ፤ ከግጭቱ በፊት እዚያ የደረሰው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን የጣሊያንን ጦር የውሃ ጉድጓዶቹን ይዞ ነው ያገኘው። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌዎቹ እንዳይነኩት የተደረገው ጥያቄ መታየት ነበረበት። የግልግል ኮሚሽኑ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. «ሁለቱም ወገኖች አይጠየቁም» ብሎ ሲወስን «ወልወል የማን ናት?» የሚለውን እንዳይመለከት ታግዶ ነበር፤ ጣሊያን አሻፈረኝ ብላ። ቦታው የማን እንደሆነ ካልታወቀ ማን ማንን ደፈረ ሊባል ነው? ወሩ ሲሞላ ወረራው ተጀመረ። የወረራው አዛዥ የነበረው ጄኔራል ዴ ቦኖ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻ የወረራው ውጥን እ.ኤ.አ. በ1933፣ ማለትም ከወልወል በፊት፣ እንደነበረ ራሱ ጽፏል።

ስለዚህ የጦርነት ምክንያት ሲቀርብላችሁ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ጥያቄ እንዳይጠየቅ ተደረገ?» በሉ።

ቦሩ ሜዳ

ጥሩ አነሳኸው ልጄ። በዚያው መስመር የቶንኪንን ባሕረ ሰላጤ ልጨምር፤ ስለላና የጦርነት ምክንያት አንድ ላይ የተገመዱበት ነውና።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1964 የአሜሪካ መርከብ ማዶክስና የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች በእርግጥ ተታኩሰዋል። ነሐሴ 4 ግን «ዳግመኛ ተጠቃን» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ ምክር ቤት 416 ለ 0፣ ሴኔቱ 88 ለ 2 ድምፅ ሰጥተው ለፕሬዚዳንት ጆንሰን የጦርነት በር ከፈቱለት። ሁለተኛው ጥቃት አልነበረም።

ይህ የታወቀው በሐሜት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ሮበርት ሃንዮክ የተጠለፉትን የሬዲዮ መልእክቶች አንድ በአንድ አይቶ ጻፈው፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ያገኘው ይህ ነው፦ ስለዚያ ሌሊት ከተጠለፈው መረጃ 90 በመቶ ያህሉ ለባለሥልጣናቱ ከቀረበው ዘገባ ውጭ ሆኖ ነበር፤ ያ የቀረው ደግሞ ጥቃት አለመኖሩን የሚያሳየው ነው። ለማስረጃነት ከቀረቡት ዋናው ደግሞ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ተገጣጥመው አንድ የተደረጉበት ነበር። የዚያ መልእክት የቬትናምኛ ዋና ጽሑፍ ከማኅደሩ ውስጥ የለም፤ ያለው የእንግሊዝኛው ትርጉም ብቻ ነው።

እንግዲህ የተጠለፈው መልእክት፣ የተተረጎመው፣ የተጠቃለለው፣ ለሹሙ የተነበበው አራት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ውሸቱ የሚገባው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። «የስለላ መረጃ አለን» የሚል መንግሥት ሲያጋጥማችሁ የትኛውን ወረቀት ይዞ እንደሚናገር ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የያዘው አራተኛውን ነው።

ሐይቅ ዳር

ጋሽ ቦሩ፣ እድሜ ይስጥልን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሃንዮክ የጻፈው ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ። እኛ ማኅደር የለን፣ ጊዜ የለን። መድፉ ሳይተኮስ በፊት፣ በዚያው ሳምንት፣ ከውጭ ያለ ሰው ያጋለጠው ነገር አለ ወይ?

አዝዋ ገደል

አለ እንጂ እህቴ። የኢራቅን ጦርነት ተመልከቺ፤ እዚያ ሦስት ምሳሌ አለ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ያወጣው የኢራቅ ሰነድ ነው። የደህንነት መረጃ የተባለ ነው፤ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በፀጥታው ምክር ቤት አመስግኖታል። ግሌን ራንግዋላ የተባለ የካምብሪጅ መምህር ግን ሲያነበው አብዛኛው ቀደም ሲል ከታተመ የተማሪ ጥናት ላይ ቃል በቃል የተገለበጠ ሆኖ አገኘው። በምን ለየው? የዋናው ጽሑፍ የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት ሳይቀር አብሮ ስለተገለበጠ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተቀየረውን ብቻ ነቀሰ። ዋናው ኢራቅ ትረዳቸዋለች ያለው «ተቃዋሚ ቡድኖችን» ነበር፤ ሰነዱ «አሸባሪ ድርጅቶችን» አለው። ስለ አንድ ታጣቂ ኃይል ዋናው ምንጭ «ከ18,000 እስከ 40,000» ሲል ሰነዱ የታችኛውን ቁጥር አንስቶ «ከ30,000 እስከ 40,000» አደረገው። ስሕተት ብቻ ቢሆን አንዳንዴ ወደ ታችም በሄደ ነበር። በላዩ ላይ ፋይሉ በማይክሮሶፍት ወርድ ቅርጹ እንዳለ ድረ ገጽ ላይ ስለተጫነ በውስጡ የመጨረሻዎቹ 10 እርማቶች መዝገብ ከአራሚዎቹ የኮምፒውተር መለያ ጋር ተቀምጦ ተገኘ።

ሁለተኛው ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነው ያሰኙት ደብዳቤዎች ናቸው። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ደብዳቤዎቹ እጁ እንደገቡ ሐሰተኛነታቸውን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2000 የተጻፈው ደብዳቤ ላይ የፈረሙት ሰው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የወረዱት በ1989 ነው። ሌላው ደብዳቤ ደግሞ በ1965 ሕገ መንግሥት ሥልጣኔ ይላል፤ አገሪቱ በ1999 አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታለች። የኤጀንሲው ኃላፊ ኤልባራዳይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2003 ለፀጥታው ምክር ቤት «ሐሰተኛ ናቸው» አሉ። ጦርነቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተጀመረ። ማጋለጥ ብቻውን ጦርነት ያስቆማል ብዬ አልዋሽሽም።

ሦስተኛው የስለላው ነው። ጋሽ ቦሩ ያነሱት የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2003 ለእንግሊዞቹ በጻፈው መልእክት፣ በፀጥታው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡትን የአንጎላን፣ የካሜሩንን፣ የጊኒን፣ የቺሊን፣ የቡልጋሪያንና የፓኪስታንን ልዑካን ስልክና ኢሜይል መከታተል እንዲጠናከር ጠየቀ። በእንግሊዝ የምልክት ስለላ ድርጅት አስተርጓሚ የነበረችው ካትሪን ገን አወጣችው፤ ኦብዘርቨር ጋዜጣ መጋቢት 2 አተመው። ቀጥሎ የሆነውን ግን በደንብ ያዙት። ጋዜጣው ጽሑፉን እንደገና ሲተይብ የአሜሪካውን ፊደል አጣጣል በእንግሊዙ አስተካከለው። ወዲያው «አሜሪካዊ እንዲህ አይጽፍም፣ ሐሰት ነው» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖችም ቀጠሮ የያዙላቸውን ቃለ መጠይቆች ሰረዙ። እውነተኛ ሰነድ በጥቂት ፊደሎች እርማት ተዓማኒነቱን አጣ።

የሰነዱን አንድ ፊደል አትንኩ። የተሳሳተውንም እንደተሳሳተ ተዉት። ማስታወሻ ካላችሁ ለብቻው ጻፉ።

የመርሳ ልጅ

የኒጀሩ ነገር የእኛኑ ደብዳቤዎች አስታወሰኝ። በቴሌግራም የሚዞር «ምስጢር» የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የሚታየው እንዲህ ነው።

ከራስጌው በታች ቁጥርና ቀን አለ። ቀኑን ወስዳችሁ በሳምንቱ ስንተኛ ቀን እንደዋለ አስሉ። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ የወሩ መባቻ በየወሩ ሁለት ቀን ይገፋል፤ መስከረም 1 ረቡዕ ከዋለ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ ነው። የ2017 መስከረም 1 ረቡዕ ነበር፤ «26/01/2017» የሚል ደብዳቤ እሑድ ተጻፈ ማለት ነው። እሑድ መጻፉ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም፤ ጥያቄ ያስነሳል። «07/13» የሚል ካለ ግን ጳጉሜን ቢበዛ 6 ቀን ናት፤ አለቀ።

ፈራሚው በዚያ ቀን በዚያ ወንበር ላይ ነበሩ? ሹመትና ሽረት በዜና የሚነገር ስለሆነ ይገኛል። የቢሮው ስም በዚያ ዓመት በእርግጥ ያ ነበር? ሚኒስቴር ሲዋሐድና ስሙ ሲቀየር ሐሰተኛው የድሮውን ራስጌ ይዞ ይቀራል። ክብ ማኅተሙን አጉልታችሁ እዩ፤ በእጅ የተመታ ማኅተም አንዱ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ፊርማው ላይ ይደራረባል። በሁለት ደብዳቤ ላይ ያለ ማኅተም ደብዛዛነቱና ማዘንበሉ ሳይቀር አንድ ከሆነ ከአንድ ምስል የተቀዳ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ግርጌው ላይ ያለው «ግልባጭ» ነው። ደብዳቤው ግልባጭ ተብሎ ለሦስት ቢሮ ከሄደ በሦስት መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ይዟል ማለት ነው። አንዱ ጋ ሄዶ «በዚህ ቁጥርና ቀን ገቢ የሆነ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከ10 የማኅተም ትንተና ይበልጣል።

ሐይቅ ዳር

አላህ ይስጥህ የመርሳው። ፎቶስ? ብዙው የሚመጣው ፎቶና ቪዲዮ ነው።

ኮምቦልቻ 11

ፎቶ ላይ ሰው ቶሎ የሚሳሳትበትን ላስቀድም።

በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ካሜራው የጻፈበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጠፋል። ላኪው ዋናው ካለው «በፋይል ላክልኝ» በሉት፤ ያኔ እንዳለ ይመጣል። የመጣውን ቀን ግን እንደ ወንጌል አትያዙት። ስልኩን በሐበሻ ሰዓት የሞላ ሰው ካነሳው 6 ሰዓት ይዛነፋል። የውጭ ዜናና የሳተላይት ገጾች ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያ 05:00 ተብሎ ይጻፋል። «ከጥቃቱ በፊት የወጣ ዜና» እየተባለ የሚጮኽበት ብዙው ይህ ልዩነት ነው።

ከዚያ ምስሉን በጎግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ አስፈልጉ። ቲንአይ ከድሮው ጀምሮ ይደረድራል፤ የሌላ አገር የቆየ ፎቶ ከሆነ እዚያ ይወጣል። ለቪዲዮ ሦስት አራት ቦታ ላይ አቁማችሁ እያንዳንዱን ምስል ፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሩ። ከተገለበጠ እንዳያመልጣችሁ በመስታወት ገልብጣችሁም ሞክሩ።

አሁን ስለ ጥላ። በኢንተርኔት የሚገኘው መመሪያ የተጻፈው ለሰሜን አገሮች ስለሆነ «በቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላል። ደሴ ላይ ይህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን ታልፋለች፣ የቀትር ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሐምሌ አጋማሽ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው የቀትር ጥላው 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ደቡብ። በታኅሣሥ አጋማሽ ያው ሰው ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ17 ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ «ሐምሌ፣ ደሴ፣ እኩለ ቀን» የተባለ ፎቶ ላይ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ረጅም ጥላ ካያችሁ ወይ ወሩ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው ሐሰት ነው። ትክክለኛው ቀትር ደግሞ በሰዓታችን 6 ላይ ድፍን አይልም፤ እንደ ወቅቱ ከ6፡05 እስከ 6፡36 ባለው ይዋልላል። ሰንካልክ የሚባለው ድረ ገጽ ይህን ያሰላላችኋል።

አቅጣጫውን የምታውቁት ከጀርባ ባለው ተራራ ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ ካርታውን አጋድማችሁ የጦሳን ጫፍ በፎቶው ላይ ካለው የተራራ መስመር ጋር አስተያዩ። ጦሳ በምዕራብ፣ አዝዋ ገደል በምሥራቅ ነው፤ ፎቶው ውስጥ የሁለቱ አንዱ ካለ ግማሽ ሥራው ተሠራ።

አዝዋ ገደል

ሳተላይቱንም ጨምርላቸው ወንድሜ።

ኮምቦልቻ 11

እሺ፣ ባጭሩ። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፤ በኮፐርኒከስ ብራውዘር ይታያል። ሳተላይቱ በየ5 ቀኑ ገደማ፣ ወደ ረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ያልፋል። አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ አንድ ቤት መቃጠሉን አታዩበትም፣ የመንደር ቃጠሎ ግን ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ የወሎ ደጋ በደመና ስለሚሸፈን አትድከሙ፤ በደመና ውስጥ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር ነው፣ ማንበቡ ግን ልምድ ይፈልጋል። የናሳ የእሳት ካርታ፣ ፈርምስ፣ በ375 ሜትር ስፋት ሙቀት ያሳያል። ቀይ ነጥብ ባያችሁ ቁጥር ውጊያ አትበሉ። በበጋ ማሳ የሚያቃጥል ገበሬም እዚያ ላይ ይወጣል። ነጥቡን ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩ።

የወታደር እንቅስቃሴ ወይም ሰው የተጠለለበትን ቦታ ካገኛችሁ አትለጥፉ። ውሸቱን ማጋለጣችሁ ሰው የሚያስገድል ከሆነ ምርመራው ይቅር። ሐሰተኛውን ፎቶ ስታጋልጡም እንዳለ አትለጥፉት፤ ላዩ ላይ በትልቁ «ሐሰት» ብላችሁ ጻፉበት፣ ያለዚያ እናንተው አሰራጩ ትባላላችሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዳለ አትርሱ።

ሐይቅ ዳር

ስለ ስልኩ ደግሞ፦ *#21# ብትደውሉ መጠለፋችሁን ይነግራችኋል የሚሉት እውነት ነው? ባትሪ ቶሎ ማለቁስ?

ጦሳ ግርጌ

አይደለም። *#21# የሚያሳየው ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር መዛወር አለመዛወሩን ብቻ ነው። ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ስላረጀ ነው፤ መስመር ላይ የሚንቋቋ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ነገር ነው። ጠለፋው በቴሌው በኩል ከሆነ ስልካችሁ ላይ ምንም አይታይም፤ የደወላችሁበት ዝርዝርና መልእክቱ እዚያው ሲስተም ውስጥ ነው የሚወሰደው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት ስለ ኢትዮጵያ ያሳየው ይህንን ነው። በዚህ ላይ የሚያዋጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ጥሪና መልእክት፣ ለምሳሌ ሲግናል፣ መጠቀም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባ ሰላይ ፕሮግራም ነው። እርሱ አሻራ ይተዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የግንቦት 7ን መሪዎች ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ፕሮግራም አገኘ። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከላቸው ሰነድ መሳይ ፋይል ሃኪንግ ቲም የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኩባንያ ሥራ መሆኑን አሳየ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ማጥመጃው ኢሜይል ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ማጫወቻችሁን አድሱ» ይል ነበር። ሰላዮቹ የመዘገቡት ፋይል ሰርቨሩ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ስለተገኘ በ20 አገሮች ያሉ ዒላማዎች ታወቁ።

ከዚህ ብዙው የታወቀው የተጠቁት ሰዎች ኢሜይሉንና ፋይሉን ስላላጠፉት ነው። ስለዚህ አጠራጣሪ መልእክት ሲመጣ በውስጡ ያለውን ፋይልም ሆነ ማስፈንጠሪያ አትክፈቱ፣ መልእክቱንም አትደምስሱት። ኢሜይል ከሆነ በጂሜይል ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ዋናውን ጽሑፍ የሚያሳየውን ምረጡና አውርዱት፤ ዝም ብላችሁ «ፎርዋርድ» ካደረጋችሁት ከየት እንደመጣ የሚናገረው ራስጌ ይቀራል። ማስፈንጠሪያ ከሆነ ነካ ሳታደርጉ አድራሻውን ቅዱ። ፋይል ከሆነ በዊንዶውስ ፓወርሼል ጌት ፋይልሃሽ (Get-FileHash) በሚለው ትዕዛዝ ሀሹን፣ ማለትም እንደ ጣት አሻራ ያለውን የፋይሉን መለያ፣ አውጡ፤ ባለ 64 ሆሄ ቁጥር ይሰጣችኋል። ፋይሎችን በሚመረምረው ድረ ገጽ፣ ቫይረስቶታል ላይ፣ ሀሹን ብቻ ፈልጉ እንጂ ፋይሉን አትጫኑ። ከጫናችሁት ሌላው ሁሉ፣ ላኪውም ጭምር፣ መጫኑን ሊያይ ይችላል፤ በውስጡም ስማችሁ ሊኖር ይችላል።

ስልኩን ወደ ፋብሪካ መመለስ መጨረሻ ነው የሚደረገው። መጀመሪያ ባክአፕ ይወሰዳል፤ አይፎን ከሆነ በይለፍ ቃል የተቆለፈው ባክአፕ ካልተቆለፈው የበለጠ መረጃ ይይዛል። የአምነስቲ ኤምቪቲ የሚባለው መፈተሻ የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው። ራሳችሁ ካልቻላችሁ የአክሰስ ናው የእርዳታ መስመር ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ለጋዜጠኞችና ለሲቪክ ማኅበራት ነው።

ቦሩ ሜዳ

ሕጉንም ልበል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የመከላከያና የደህንነት ጉዳይ ግን ከተከለከሉት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ጦርነቱን ለምን ጀመራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የግዥ ውል፣ የበጀት አርዕስት፣ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ማኅተም አስመቱ፤ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። መልስ ካጣችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም ስትሄዱ የሚጠይቋችሁ ያንን ቅጂ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1971 በአሜሪካ ሚድያ በምትባል ከተማ 8 ሰዎች ከኤፍቢአይ ቢሮ ሰነድ ወስደው ለጋዜጦች ላኩ። ያንን ድርጊት እኔ አልመክርም። ከሰነዶቹ መካከል ግን በአንዲት መሸኛ ወረቀት ላይ «ኮይንቴልፕሮ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ካርል ስተርን የተባለ ጋዜጠኛ «ይህ ምንድነው?» ብሎ በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠየቀ፣ ከለከሉት፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ረታ። የዜጎችን የፖለቲካ ቡድኖች በስውር የማፍረሱ ፕሮግራም በሰነድ የተረጋገጠው በዚያ ነው። ጥያቄው ጠባብ ስለነበር ማምለጫ አልነበረውም።

የመርሳ ልጅ

አንድ የቀረ፦ ቻናሉ መልእክቱን ቢያጠፋውስ? ስክሪንሾት ማንም ሊሠራው ይችላል ይሉናል።

ኮምቦልቻ 11

ልክ ነው፣ ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቻናል ከሆነ የመልእክቱን የራሱን ማስፈንጠሪያ ወስዳችሁ ወዲያው የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀኑ በሚያቆየው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጡት፤ ቀኑን እናንተ ሳትሆኑ ሦስተኛ ወገን ይመሰክርላችኋል። ዝግ ቡድን ከሆነ በኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ ሙሉ ውይይቱን የሚያወርድ አማራጭ አለ፤ ጄሰን የሚለውን ቅርጽ ምረጡ፣ የእያንዳንዱን መልእክት ተራ ቁጥርና ሰዓት ይይዛል። ሲወርድ የወረደውን ማኅደር ሀሹን አውጡና ቀኑን ጽፋችሁ በኢሜይል ለሁለት ሰው ላኩት። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ዋናውን ሌላ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ የአባሎቹ ስልክ ቁጥር ካለበትም ፍላሹን በይለፍ ቃል ቆልፉት።